የመኪናችሁን ቴፕና የቻርጀር ሶኬት ፊውዝ ሳታቃጥሉ፣ ባትሪ ሳትጨርሱ የምትጠቀሙበት ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት አንድ ዘመዴ ቪትዙን ይዞ መጣ። «ሶኬቱ ይሠራል፤ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል» አለኝ። የፊውዝ ሳጥኑን ስከፍት ሰማያዊ መሆን የነበረበት ፊውዝ ጠቁሯል። በፒንሳ ሳወጣው እግሮቹ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ፊውዙ ከተቃጠለ ከርሟል። አንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ ሽቦ ጠምጥሞ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሸኝቶታል። ከሶኬቱ ጀርባ ያለው ገመድ ልባሱ ቀልጦ ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ጋር ተጣብቋል። ምን ሰክቶበት ነበር? የጎማ መንፊያ ፓምፕ።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በብዛት የምናያቸውን ትንንሽ ቶዮታዎች የሚመለከቱ ናቸው። ሌላ መኪና ከያዛችሁ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ቁጥሩን ግን ከራሳችሁ መኪና ላይ አንብቡ።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ባለ 10 እና ባለ 15 አምፔር ትርፍ ፊውዝ፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። መጠኑንም እዩ፤ ትንሹና ትልቁ አይተካኩም።
- የስልክ መብራት።
- ቮልት የሚያሳይ የመኪና ቻርጀር። ርካሽ ነው፤ ባትሪያችሁ እየደከመ መሆኑን ቀድሞ ይነግራችኋል።
- የባትሪ ማስነሻ ገመድ። ወፈር ያለውን ግዙ። ቀጭኑ ይሞቃል እንጂ መኪና አያስነሳም።

## ደረጃ 1፦ ሶኬታችሁን እወቁ

1. የሶኬቱን ክዳን ክፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ላይ «12 ቮልት፣ 120 ዋት» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ማለት 10 አምፔር ነው። ምንም ካልተጻፈበት 120 ዋትን ጣሪያ አድርጋችሁ ያዙ።

2. የሲጋራ መለኮሻ ይሁን ተራ ሶኬት ለዩ። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ለመለኮሻ ባልተሠራ ሶኬት ውስጥ የሚግለውን መለኮሻ አትክተቱ። ሶኬቱን ያቀልጠዋል።

3. የፊውዝ ሳጥኑን ፈልጉ። አንዱ ከመሪው ሥር ወይም ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ነው፤ ሌላው ኮፈን ውስጥ ባትሪው አጠገብ። ክዳኑ ላይ ያለውን ሥዕል በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ማታ መንገድ ላይ ስትፈልጉት ታመሰግኑኛላችሁ።

4. ቁልፉን አውጡና ስልክ ሰክታችሁ እዩ። ቁልፍ ወጥቶም ስልኩ ቻርጅ ካደረገ ሶኬቱ ሁልጊዜ ኃይል አለው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ሶኬት ላይ ምንም ነገር ሰክታችሁ አትደሩ።

## ደረጃ 2፦ ከመሰካታችሁ በፊት አስሉ

ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ ዋቱን ለ12 አካፍሉ፤ የሚወጣው አምፔር ነው። ከ10 ከበለጠ እዚያ ሶኬት ላይ አይሰካም። አለቀ።

የስልክ ቻርጀር። ከ10 እስከ 20 ዋት። ሁለት አምፔር እንኳ አይሞላም። ቀኑን ሙሉ ቢሰካ ችግር የለውም። የራይድ ሹፌር ከሆናችሁና ሁለት ስልክ ከያዛችሁም ያው ነው።

የላፕቶፕ ቻርጀር። 65 ዋት ከሆነ 5.5 አምፔር ገደማ። ለብቻው ይቻላል።

የጎማ መንፊያ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። መሰኪያው ስለገባ ብቻ ሶኬቱ የሚችለው ይመስለናል። ብዙዎቹ ፓምፖች ከ10 እስከ 15 አምፔር ይስባሉ። ከ10 በላይ የሚል ከተጻፈበት ባትሪው ላይ በቀጥታ የሚነክስ መቆንጠጫ ያለውን ግዙ። ከ10 በታች ከሆነም ሞተሩ እየሠራ ንፉ፤ በየጎማው መሃል አሳርፉት።

ውሃ ማፍያ። ለመንገድ ቡና ብለው የሚገዙት አሉ። እስቲ እናስላው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አንድ ሊትር የ20 ዲግሪ ውሃ በ120 ዋት እዚያ ለማድረስ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ያውም ምንም ሙቀት ሳይባክን። 40 ደቂቃ ሙሉ ሶኬቱ ጣሪያው ላይ እየሠራ ነው ማለት ነው። ፔርሙስ ያዙ።

ኢንቨርተር (የመኪናውን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራት 220 ቮልት የሚቀይረው)። 150 ዋት የሚለው ሙሉ ሲሠራ 12.5 አምፔር ነው፤ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ላፕቶፕ ብቻ ከሰካችሁበት ይበቃል። 300 ዋትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባትሪው ጋር በቀጥታ፣ በራሱ ፊውዝ ይገናኝ።

አንዱን ሶኬት ሦስት የሚያደርገው ማባዣ ኃይል አያባዛም። ሦስቱም የሚካፈሉት ያንኑ 120 ዋት ነው።

## ደረጃ 3፦ የመሰካት ቅደም ተከተል

1. መጀመሪያ ሞተር አስነሱ። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ይወርዳል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ 14 ገደማ ይወጣል። ርካሽ ቻርጀር ይህን መዋዠቅ አይወደውም።
2. ሶኬቱ ውስጥ በመብራት እዩ። የማስቲካ ብርማ ወረቀት፣ የፀጉር ሽቦ፣ ሳንቲም ካለ ቁልፍ አጥፍታችሁ በእንጨት አውጡ። በካቻቢቴ አትጎርጉሩ።
3. ቻርጀሩን እስከ መጨረሻው ግፉት። የሚወዛወዝ ከሆነ አትጠቀሙበት። ላላ ያለ መሰኪያ ይሞቃል፤ ሙቀቱ የሚጀምረው ጫፉ ላይ ነው።
4. የስልኩን ገመድ በመጨረሻ ሰኩ።
5. ከ10 ደቂቃ በኋላ ቻርጀሩን በእጃችሁ ንኩት። ለብ ማለቱ ደንብ ነው። እጅ ካላስያዘ ንቀሉት፤ መልሳችሁም አትሰኩት።
6. ሞተር ከማጥፋታችሁ በፊት ንቀሉ፣ ክዳኑን ዝጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ገመዱ በሹፌሩ እግር በኩል እንዳያልፍ። ፍሬን ሥር የገባ ገመድ ወይም ተንከባሎ የመጣ ፓወር ባንክ ከተቃጠለ ፊውዝ የበለጠ ጣጣ ነው። የስልክ መያዣም የኤርባግ ክዳን ላይ አትለጥፉ። ፓወር ባንክ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፤ በተለይ ወደ አዋሽና ድሬዳዋ ስትወርዱ።

## ደረጃ 4፦ ቴፑን ማስተካከል

ሁሉንም ነገር ቆማችሁ ጨርሱ። ብሉቱዝ ማገናኘት፣ ዘፈን መምረጥ፣ ካርታ መክፈት የቆመ መኪና ሥራ ነው። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከአደገኛነቱ ሌላ ቅጣትም አለው።

ፍላሽ አላነብም ሲል። ብዙ ቴፖች የሚያነቡት «ፋት 32» በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ብቻ ነው። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆኑት ከፋብሪካ በሌላ አሠራር ነው የሚመጡት። 32 ጊጋ ወይም ከዚያ ያነሰ ግዙ። አጭሩን ምረጡ። ረጅሙ ጉልበት ሲነካው ፍላሹ ብቻ ሳይሆን የቴፑ ቀዳዳም ይሰበራል።

የጃፓን ቴፕ የአዲስ አበባን ጣቢያ አልይዝ ሲል። ቴፑ አልተበላሸም። የጃፓን ኤፍኤም የተሠራው ከ76 እስከ 90 ላለው ነው፤ አዲሶቹ እስከ 95 ይደርሳሉ። የእኛዎቹ ጣቢያዎች፣ 97.1ም 98.1ም 102.1ም፣ ከዚያ በላይ ናቸው። መፍትሔው ከአንቴናውና ከቴፑ መካከል የሚገባ ትንሽ ማስፋፊያ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ላይ ስንት እንደሚቀንስ ተጽፏል። 15 የሚቀንስ ከሆነ 98.1ን 83.1 ላይ ታገኙታላችሁ።

ሶኬት ላይ የሚሰካ ብሉቱዝ ትራንስሚተር (የስልኩን ድምፅ በኤፍኤም ወደ ቴፑ የሚልክ) ካላችሁ፦ የጃፓን ቴፕ ላይ የሚሠራው ከ87.5 እስከ 90፣ አዲሶቹ ላይ እስከ 95 ባለው ብቻ ነው። ሰው 100 ላይ አድርጎት «አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል። ጣቢያ የሌለበት ባዶ ቦታ ፈልጉ፣ ሁለቱንም እዚያ ላይ አድርጉ። የስልኩን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርጋችሁ የቀረውን በቴፑ ጨምሩ። ስልኩ ሙሉ ከሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ነዳጅ ስትሰጡ የሚጨምር ፉጨት ካለ። የሚመጣው ከዲናሞው በኩል ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ። ፉጨቱ ከጠፋ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው፤ ቀይሩት ወይም በድምፅ ገመድ ፋንታ በብሉቱዝ ስሙ። ካልጠፋ የቴፑ ወይም የአምፕሊፋየሩ መሬት (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የማይነስ ሽቦ) በደንብ አልታሰረም።

ድምፁ ስንት ይሁን? መስኮት ዘግታችሁ እየሰማችሁ ከኋላ የመጣ ክላክስ ካልተሰማችሁ በዝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል፣ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውል ሰው 40ውን ሰዓት በቀላሉ ያልፈዋል። የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ፣ መኪናው ቆሞ አንዴ ለኩ። ከዚያ የቴፑን ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፤ «የእኔ ጣሪያ 18 ነው» ብላችሁ። መስቀለኛ መንገድና አደባባይ ላይ ከዚያም ዝቅ አድርጉ። አምቡላንስ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረን ጆሯችን ነው።

## ደረጃ 5፦ ሞተር ጠፍቶ መስማት

ይሄ የእኔም ኃጢአት ነው። ቢሾፍቱ መንገድ ዳር ቆሜ ኳስ ስሰማ፣ መብራቱም በርቶ፣ ስልኩም ተሰክቶ፣ ጭማሪው ሰዓት ላይ ቴፑ ጠፋ። መኪናው አውቶማቲክ ነው። ሦስት ጎረምሶች «እንግፋልህ?» ሲሉኝ ምን ብዬ ላስረዳቸው? አውቶማቲክ በግፊት አይነሳም።

1. ቴፕ ብቻ፣ በመካከለኛ ድምፅ፣ ከግማሽ ሰዓት አታሳልፉ። ባትሪው ካረጀ ከዚያም አሳጥሩ።
2. የፊት መብራትና ማራገቢያው መጥፋታቸውን አረጋግጡ። ከቴፑ ይልቅ ባትሪ የሚበሉት እነሱ ናቸው።
3. ቮልቱን እዩ። ሞተር ጠፍቶ 12.6 ገደማ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ቴፑን አጥፉ። ወደ 12 ከወረደ አሁኑኑ ሞተር አስነሱ።
4. ካስነሳችሁ በኋላ ቢያንስ 20 ደቂቃ ንዱ። አስነስቶ ወዲያው ማጥፋት የወሰደውን አይመልስም።

ሞተር እየሠራ ቮልቱ ከ13.5 በታች ከሆነ ወይም ከ15 ካለፈ ጥፋቱ የቴፑ አይደለም፤ ዲናሞውን አስፈትሹ። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ነዳጅ ለመቆጠብ ለጥቂት ጊዜ ዝቅ ያደርጉታል፤ ሁልጊዜ ዝቅ ካለ ነው የሚያሳስበው። ጋራዥ ወይም ዝግ ቤት ውስጥ ደግሞ ሞተር አስነስታችሁ ሙዚቃ አትስሙ። ጭሱ ሽታ ሳይኖረውም ይገድላል።

ባትሪው ከሞተ፦ የሁለቱም መኪና ሞተር ይጥፋ፣ መኪኖቹም አይነካኩ። ቀዩን ገመድ መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፕላስ ላይ፣ ከዚያ በደህናው ፕላስ ላይ እሰሩ። ጥቁሩን በደህናው ማይነስ፣ ሌላውን ጫፍ ደግሞ በሞተው መኪና ሞተር ላይ ባለ ቀለም ያልተቀባ ብረት። ባትሪው ላይ አይደለም፤ ብልጭታው ከባትሪው ይራቅ። ደህናውን አስነሱ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ የሞተውን ሞክሩ። ስትፈቱ በተቃራኒው ነው፤ የመጨረሻው መጀመሪያ።

## ደረጃ 6፦ ፊውዝ ሲቃጠል

ሶኬቱ ድንገት ከሞተ፣ ወይም ቴፑም አብሮ ከጠፋ (አንዳንድ መኪና ላይ አንድ ፊውዝ ይጋራሉ)፣ እንዲህ አድርጉ።

1. የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። ቁልፉን አውጡ።
2. በፎቶው መሠረት ፊውዙን ለዩ። «ሲግ»፣ «ፓወር አውትሌት» ወይም «ኤሲሲ» የሚል ነው።
3. ሳጥኑ ክዳን ላይ ያለችውን የፕላስቲክ መንቀያ ተጠቅማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት።
4. ወደ ብርሃን አቅኑት። መሃሉ ላይ ያለችው ቀጭን ድልድይ ተበጥሳ ከሆነ ተቃጥሏል። ዓይን ካልለየው በቴስተር ፈትሹ።
5. በዚያው ቁጥር ተኩት። ቁጥሩ ራሱ ላይ ተጽፏል፤ ቀለሙም ይናገራል፦ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 ነው።
6. ምንም ሳትሰኩ ቁልፍ ክፈቱ። ወዲያው እንደገና ከተቃጠለ ሽቦው ወይም ሶኬቱ ውስጥ ንክኪ አለ። ሁለተኛ ፊውዝ አታባክኑ፤ ኤሌትሪሺያን ዘንድ ሂዱ።
7. ካልተቃጠለ ስልክ ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ። የቀድሞውን ዕቃ ስትሰኩ ከተቃጠለ ጥፋተኛው እሱ ነው።

በ15 ፋንታ 30 መክተት፣ ሽቦ መጠምጠም፣ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ማልበስ ሁሉም አንድ ነገር ነው። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ፊውዙን ስታጠነክሩት ተራው የሽቦው ይሆናል፤ ሽቦው ደግሞ ያለው ምንጣፍና ፕላስቲክ ሥር ነው። ኤሌትሪሺያኑ «ችግር የለውም፣ እኔ እያለሁ» ቢላችሁም ፊውዙን አስወጥታችሁ ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩ። ቢቀየማችሁም ይቀየም።

## ደረጃ 7፦ ባትሪ ከመፈታቱ በፊት

አንዳንድ የጃፓን ቴፖች፣ በተለይ ካርታ ያላቸው፣ ባትሪ ሲፈታ ይቆለፉና ኮድ ይጠይቃሉ። ጽሑፉ በጃፓንኛ ስለሆነ ብዙው ሰው የተበላሸ ይመስለዋል። የካርታ ካርዱን አታውጡ፣ አትጣሉትም። ባትሪ ስታስቀይሩ ሌላ 12 ቮልት ባትሪ በገመድ ተያይዞ ኃይሉን ይዞ እንዲቆይ ጠይቁ። የተፈታው የፕላስ መቆንጠጫ በጨርቅ ይጠቅለል። ብረት ከነካ ያቃጥላል።

## ደረጃ 8፦ አምፕሊፋየርና ቤዝ ስታስገቡ

ራሳችሁ አትግጠሙ። ቆማችሁ ግን አሠሩ፤ የምታዩትም ይህን ነው፦

- የኃይል ሽቦው ከባትሪው በቀጥታ ይምጣ፤ ከሶኬቱ ወይም ከቴፑ ሽቦ ላይ አይቀጠል።
- ፊውዙ ባትሪው አጠገብ፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይሁን። አምፕሊፋየሩ ጋ ብቻ ያለ ፊውዝ መሃል ያለውን ሽቦ አይጠብቅም።
- ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ይግባበት። ጎማ ከሌለ ብረቱ ቀን በቀን ልባሱን ይቆርጠዋል።
- መሬቱ የሚታሰርበት ብረት ቀለሙ ተፍቆ በቡሎን ይጥበቅ።
- የኃይል ሽቦ በአንድ ጎን፣ የድምፅ ገመድ በሌላው ጎን ይሂድ። አብረው ከሄዱ ያ ፉጨት ይመጣል።
- መገጣጠሚያው ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ አይታለፍ። ናስትሮ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይለቃል።

## የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ

ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው አልነሳ ሊል ይችላል። ቴፑም ሶኬቱም የሚሠሩት በትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ እሷ ከሞተች መኪናው አይነቃም። ስለዚህ ቆማችሁ ስትሰሙ መኪናው ለመንዳት ዝግጁ በሆነበት ሁኔታ ላይ ይሁን፤ ያኔ ትልቁ ባትሪ ትንሿን ይሞላታል። ማርሹ ፒ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑም ተይዞ። ብርቱካንማ ሽቦ ካያችሁ እጃችሁን አታስገቡ። እዚያ ያለው ቮልት በመቶዎች የሚቆጠር ነው።

## ጭስ ወይም የመቃጠል ሽታ ሲመጣ

1. ዳር ያዙ፣ ቁልፉን አጥፉ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ።
2. ቻርጀሩን መንካት ከቻላችሁ ንቀሉ። ከጋለ ተዉት።
3. ጭሱ ካቆመ ኮፈን ከፍታችሁ የባትሪውን ማይነስ ፍቱ። ጭሱ ከኮፈን የሚወጣ ከሆነ ግን አትክፈቱ፤ አየር ሲያገኝ እሳቱ ይፈነዳል።
4. ነበልባል ካለ በዱቄት እሳት ማጥፊያ ሞክሩ፤ ውሃ አትድፉ። በአንድ ሙከራ ካልጠፋ ራቁና 939 ደውሉ። ይህ የአዲስ አበባ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ቁጥር ነው።
5. ጠፍቶ ቢሆንም ሽቦው ሳይታይ መኪናውን አታስነሱ።

የቀለጠ ሽቦ በናስትሮ አይጠገንም። የዘመዴ መኪና ላይ ከፊውዝ ሳጥኑ እስከ ሶኬቱ ያለው ሽቦ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ፤ ሶኬቱም አዲስ ገባ። ፓምፑን አሁን የሚሰካው ኮፈን ከፍቶ ባትሪው ላይ ነው። በየጊዜው ያማርራል።